ቁስል ሲጣራ የሚሰማው ማን ነው?

ሱሉልታ ውስጥ፣ ከጎጃም መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ባለ ግቢ፣ አንዲት ጥቁርና ነጭ ድቅል ላም በአጭር ገመድ ታስራ ቆማለች። አንገቷ ላይ ሁለት ቦታ ጸጉሯ ተላጭቷል። ከሦስት ቀን በፊት የእንስሳት ሐኪሙ መጥቶ፣ የሁለቱንም ቦታ ቆዳ በጣቱ አጥፎ ይዞ፣ ውፍረቱን በካሊፐር ለክቶ፣ ከላይ አንድ ከታች አንድ ጥቃቅን መርፌ ቆዳዋ ውስጥ ወግቶ ሄዷል። ዛሬ ውጤቱን ሊያይ ተመልሷል። የላይኛው እንደነበረ ነው ማለት ይቻላል። የታችኛው ግን አብጧል፤ እጁን ገና ሲያስጠጋ ላሚቱ አንገቷን ታሸሻለች። ካሊፐሩን አስገብቶ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ሲናገር፣ የላሚቱ ባለቤት ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው እየመለሱ፣ «ዶክተር፣ ደህና ነበረች እኮ! ምን አስገባችሁባት?» አሉት።

ይህን ጥያቄ በጣም ወድጄዋለሁ። ወደ ላሚቱ የገባው የአንድ ሚሊ ሊትር አንድ አሥረኛ ፈሳሽ ብቻ ነው። ቱበርኩሊን ይባላል፤ ከቲቢ ባክቴሪያ የተጣራ ፕሮቲን ነው እንጂ ሕይወት ያለው ጀርም የለበትም። አይባዛም፣ አያድግም። ታዲያ ያንን ቆዳ ምን አወፈረው? የራሷ ሕዋሳት ናቸው። በሦስት ቀን ውስጥ ከደሟ እየወጡ፣ ያን ሁሉ ሰውነት ትተው፣ አንዲት የስሙኒ ስፋት የምታክል ቦታ ላይ የተሰበሰቡ ሕዋሳት። እንዴት አወቁ? ማን ጠራቸው? በምንስ ሰሙ? ወዳጆቼ፣ ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ይህንን ነው።

መጀመሪያ ስለ መርፌው ትንሽ ልበል። ሁለት የሆነበት ምክንያት አለ። የታችኛው የላም ቲቢን ከሚያመጣው ከማይኮባክቴሪየም ቦቪስ የተዘጋጀ ነው፤ የላይኛው ደግሞ ወፎችን ከሚያጠቃው ዘመዱ። በአፈርና በውሃ ውስጥ የእነዚህ ባክቴሪያዎች ዘመዶች ስለሞሉ፣ የላሚቱ ሰውነት በመጠኑም ቢሆን ያውቃቸዋል። ስለዚህ ሐኪሙ ሁለቱን እብጠቶች ያስተያያል። የታችኛው ከላይኛው ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ከበለጠ፣ የላሚቱ ሰውነት ትክክለኛውን የቲቢ ባክቴሪያ አግኝቶት ያውቃል ማለት ነው። በዚህ ዘዴ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የወተት እርባታዎች በተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት፣ ከተመረመሩት ወደ 3,000 ከሚጠጉ ከብቶች 30 በመቶው፣ ከበረቶቹም ግማሹ ምልክቱን አሳይተዋል። ይህን መሰል ምርምር ለዓመታት ሲያካሂዱ ከቆዩት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው፣ አለርት ግቢ ውስጥ ያለው አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ነው። ከዚያ ግቢ ወጥታችሁ የጅማን መንገድ ከያዛችሁ ሰበታ ትደርሳላችሁ፤ እዚያም የአገሪቱ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት አለ። የእነዚያ እርባታዎች ወተት ጠዋት ጠዋት በጄሪካን አዲስ አበባ ስለሚገባ፣ ጥሬ ወተት የምትወዱ ወዳጆቼ እባካችሁ አፍሉት። ባክቴሪያው መፍላትን አይችልም።

ሕዋሳቱ ጥሪውን እንዴት እንደሰሙ ለማየት አሁን ወደ ታክሲ ተራ ልውሰዳችሁ።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ አዲስ አበባን ከሦስት አቅጣጫ ይዘዋታል፤ ዛሬ ሦስቱም በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ናቸው። ወደ ሰበታ የሚሄድ ሰው አየር ጤና ይቆማል፣ ወደ ቡራዩ የሚሄድ አስኮ፣ ወደ ሱሉልታ የሚሄድ አዲሱ ገበያ። አየር ጤና ላይ ወያላው «ሰበታ፣ ሰበታ፣ ሰበታ!» እያለ ሲጣራ ስንቱ ሰው በአጠገቡ ያልፋል። አብዛኛው ዞር ብሎ እንኳ አያየውም። እግሩን ወደ መኪናው የሚመልሰው ሰበታ የሚሄደው ብቻ ነው። በሰውነታችን ውስጥ መንገዱ ደም ሥር ነው፤ አላፊ አግዳሚዎቹ ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። የተጎዳው ቦታ የሚያሰማው ጥሪ ኬሞካይን ይባላል። ጥሪው የሚሰማበት ጆሮ ደግሞ በሕዋሱ ገላ ላይ የተተከለ ፕሮቲን ነው፤ የኬሞካይን ተቀባይ ይሉታል።

ምሳሌው አንድ ቦታ ላይ ያነክሳል። አየር ጤና ላይ የሚያልፈው ሰው የወያላውን ድምፅ ሰምቶ ነው ችላ የሚለው። ሕዋስ ግን ለዚያ ጥሪ የሚሆን ጆሮ ከሌለው ጭራሽ አይሰማም። ደግሞ የሕዋስ ጆሮ እንደ እኛ ከልደት እስከ ሞት አብሮት የሚኖር አይደለም። ሕዋሱ እንደ ሥራው አንዱን ጆሮ ያወጣል፣ ሌላውን ይከታል። ዛሬ የሱሉልታን ጥሪ ብቻ ይሰማ የነበረው፣ ነገ ያንን ጥሎ የቡራዩን መስማት ይጀምራል። የዚህ ነገር ውበቱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ጥቂት ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ኬሞካይኖች ትናንሽ ፕሮቲኖች ናቸው። እያንዳንዳቸው ከ70 እስከ 100 በሚደርሱ አሚኖ አሲዶች የተሠሩ፣ በሰው ውስጥ ወደ 50 የሚጠጉ ዓይነቶች አሉ። ተቀባዮቹ ደግሞ 20 ገደማ ናቸው። በደንብ ከታወቁት የመጀመሪያዎቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1987 ተጣርቶ የወጣው ኢንተርሉኪን 8 ነው፤ የዛሬ መጠሪያው ሲኤክስሲኤል8 ነው። ስሞቻቸው የመኪና ታርጋ ይመስላሉ፣ አትፍሯቸው። አንዲት ነገር ብቻ ያዙ፤ ስሙ «ኤል» እና ቁጥር ይዞ ካለቀ ጥሪው ነው፣ «አር» እና ቁጥር ይዞ ካለቀ ጆሮው ነው። ተቀባዩ ራሱ ጥልፍ ጠላፊ ክሯን በጨርቁ ላይ ሰባት ጊዜ እንዳሳለፈችው፣ የሕዋሱን ሽፋን ሰባት ጊዜ ወጋ ወጋ አድርጎ ያቋርጣል። አንደኛው ጫፉ ከውጭ ጥሪውን ይይዛል፤ ሌላኛው ጫፉ ከውስጥ «ተነስ» የሚለውን ትእዛዝ ያስተላልፋል።

ደም ግን እንደ ክረምት ወንዝ የሚሮጥ ነገር ነው። ጥሪው ደሙ ውስጥ ቢለቀቅ ተጠርጎ ይሄዳል፤ አንገት ላይ የተጠራው ሕዋስ ጅራት ላይ ሆኖ ይሰማዋል። ሰውነት ይህን እንዴት እንደፈታው ሳነብ ከመቀመጫዬ ተነስቻለሁ። ጥሪው ደሙ ውስጥ አይለቀቅም፤ በተጎዳው ቦታ ባለችው ቀጭን ደም ሥር የውስጥ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ግድግዳው እንደ ለምለም ሣር የበቀለ የስኳር ሽፋን አለው፤ ኬሞካይኑ እዚያ ላይ ይጣበቃል። ወያላው በመኪና እየተጓዘ የሚጮህ ሳይሆን በሩ ላይ ቆሞ የሚጣራ ነው ማለት ነው።

የሚያልፈው ነጭ ሕዋስስ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን እንዴት ያገኘዋል? የተጎዳው ቦታ ደም ሥር አስቀድሞ ትናንሽ መንጠቆዎች ያወጣል። መንጠቆዎቹ አላፊውን ሕዋስ ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ ያደርጉታል፤ ሕዋሱም መሮጡን ትቶ በግድግዳው ላይ እንደ ኳስ መንከባለል ይጀምራል። እየተንከባለለ ሳለ ጆሮው ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ጥሪ ሲነካ፣ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ በሕዋሱ ገላ ላይ ታጥፈው የነበሩ ጠንካራ መያዣዎች ቀጥ ብለው ይከፈታሉ። ሕዋሱ ባለበት ቀጥ ይላል። ከዚያ ዝርግ ብሎ ይሳባል፣ በሁለት የግድግዳ ሕዋሳት መካከል ጠባብ ክፍተት ይፈልጋል፣ ሰውነቱን አቅጥኖ ሾልኮ ይወጣል።

ከወጣ በኋላ ያለው መንገድ ጨለማ ነው። እዚህ ላይ ጆሮ ማለቴን ትቼ አፍንጫ ልበለው። በሰፈር ውስጥ ስታልፉ የሚቆላ ቡና ሸተታችሁ እንበል። ጥቂት ትራመዳላችሁ፤ ሽታው ከጠነከረ መንገዱ ይኸው ነው፣ ከደከመ ትመለሳላችሁ። ነጭ የደም ሕዋስ ግን መሄድና መመለስ አያስፈልገውም። ከፊቱና ከኋላው ያሉት ተቀባዮቹ የያዙትን ኬሞካይን በአንድ ጊዜ ያወዳድራል። ልዩነቱ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ቢሆንም ይለየዋል። ገላው ከሚሊ ሜትር አንድ መቶኛ ብዙም የማያልፍ ፍጡር ይህን ማድረጉን ማሰብ ብቻ ያስገርመኛል። በበዛበት በኩል እግር መሰል ነገር ያወጣል፣ ኋላውን ይሰበስባል፣ ወደፊት ይሳባል። በአንድ ደቂቃ የገላውን ቁመት ያህል ይጓዛል። ለእርሱ ሩጫ ነው።

እንግዲህ ወደ ሱሉልታዋ ላም እንመለስ። ሐኪሙ ለምን ሦስት ቀን ጠበቀ? ሁሉም በአንድ ጥሪ፣ በአንድ ጊዜ ስለማይመጡ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚደርሱት ኒውትሮፊሎች ናቸው፤ ሲኤክስሲአር2 የሚባለውን ጆሮ ይዘው የሚሮጡ። እነዚህ ለማንኛውም ጉዳት ፈጥነው የሚወጡ ናቸው፤ አንድ ጤነኛ ሰው በቀን እስከ 100 ቢሊዮን ይሠራል። እሾህ ወግቷችሁ በማግስቱ ነጭ መግል ካያችሁ፣ አብዛኛው ሲዋጉ የሞቱ ኒውትሮፊሎች ናቸው። የላሚቱ ጉዳይ ግን ከዚያ ይዘልቃል። በደሟ ውስጥ ቲቢን ቀድሞ ያወቁ፣ ቲ ሕዋሳት የሚባሉ ጥቂት ነጭ ሕዋሳት አሉ። ከእነርሱ አንድ ሁለቱ መርፌው የተወጋበት ቦታ ደርሰው ፕሮቲኑን ሲያውቁት ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባል ነገር ይረጫሉ። ይህን ጊዜ በአካባቢው ያለ ሕዋስ ሁሉ፣ የቆዳውም የደም ሥሩም፣ አዲስ ጥሪ ማውጣት ይጀምራል፤ ሲኤክስሲኤል9፣ 10 እና 11። ይህን ጥሪ የሚሰሙት ሲኤክስሲአር3 ያወጡ ቲ ሕዋሳት ናቸው። እነርሱም መጥተው ይረጫሉ፣ ጥሪው ይበረታል፣ ሌሎች ይመጣሉ። ጎን ለጎን ሲሲኤል2 የሚባለው ጥሪ ሲሲአር2 ያላቸውን፣ ሞኖሳይት የሚባሉ ሌሎች ነጭ ሕዋሳት ይስባል። ሕዋሱ እየበዛ፣ ፈሳሹ እየተከተለ፣ ቆዳው ይወፍራል፣ ይጠጥራል። ይህ ሁሉ ተደምሮ ከፍታው ላይ የሚደርሰው በ72 ሰዓት ገደማ ነው። ቲቢን የማታውቅ ላም እነዚያ የመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ቲ ሕዋሳት ስለሌሏት ሁለተኛው ጥሪ አይወጣም፤ ቆዳዋ ዝም ይላል። በሰው ክንድ ላይ የሚደረገው የቲቢ የቆዳ ምርመራም ይኸው ነው።

ስለዚህ ለላሚቱ ባለቤት ጥያቄ መልሱ፣ «ያስገባንባት ነገር አይደለም ያበጠው፤ ቀድሞ በውስጧ ያለውን ነው ያስጠራነው» የሚል ነው። ሐኪሙም በራሱ አነጋገር ይህንኑ ነገራቸው። ፊታቸው ግን አልፈታም፤ የወተቷን ገቢ እያሰቡ ነበር።

አማርኛ ለዚህ ሁሉ የቆየ ቃል አለው። ቁስሉ ቀላ፣ ሞቀ፣ አበጠ፣ ጠዘጠዘ ስንል «ቁስሉ ተቆጣ» እንላለን። ሐኪሞች ብግነት ይሉታል፤ እኔ ግን መቆጣት የሚለው ይበልጥብኛል። የተቆጣ ሰው ይጣራል፣ ይጮሃል፣ ሰው ይሰበስባል፤ ቁስልም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ሌላም የምወደው ቃል አለ፤ ንፍፊት። ልጅ ሳለን እግራችንን እንቅፋት መቶን ወይም እሾህ ወግቶን ሲያመረቅዝ፣ ብሽሽታችን ላይ እንደ ባቄላ ያለ ነገር ጠጥሮ ያመን ነበር። እናቶቻችን እግራችንን ገልጠው ቁስል ይፈልጋሉ። ቁስል እግር ላይ፣ እብጠት ብሽሽት ላይ! ማን አገናኛቸው? ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩት ጆሮ የመለወጥ ነገር እዚህ ነው። በቆዳችን ውስጥ ዴንድሪቲክ የሚባሉ ጠባቂ ሕዋሳት አሉ። እግር ላይ ጀርም ሲያገኙ ቁራሹን ይይዛሉ፤ ቀድሞ ቆዳ ውስጥ ያቆያቸው የነበረውን ጆሮ ይጥላሉ፤ በምትኩ ሲሲአር7 የሚባለውን ያወጣሉ። ይህ ጆሮ የሚሰማው ከሊምፍ ዕጢ የሚመጣውን ሲሲኤል19 እና 21 ነው። ያንን ጥሪ ተከትለው፣ ቁራሹን እንደ መልእክት ይዘው፣ ብሽሽት ድረስ ይወጣሉ። እዚያ ደግሞ በዚያው በሲሲአር7 ጆሮ ከደም የተጠሩ፣ ሊምፎሳይት የሚባሉ ነጭ ሕዋሳት ይጠብቃሉ። ቁራሹን የሚያውቀው ሊምፎሳይት ሲገኝ ይባዛል፣ ዕጢው ያብጣል። ንፍፊት ማለት ይኸው ነው። ከተባዙት ብዙዎቹ ከዚያ ሲወጡ ሲሲአር7ን ጥለው የቁስሉን ጥሪ የሚሰማ ጆሮ አውጥተው ወደ እግሩ ይወርዳሉ። ተላላኪው አንድ ጆሮ ይዞ ሄደ፣ ጦሩ በሌላ ጆሮ መጣ።

ይህ የጆሮ ነገር ቢደፈን ምን እንደሚሆን የምታሳይ በሽታ አለች፤ ትክትክ። የትክትክ ባክቴሪያ ሳል ብቻ አይደለም የሚያመጣው። የሚረጨው መርዝ፣ ተቀባዩ ጥሪውን ከያዘ በኋላ «ተነስ» የሚለውን ትእዛዝ ወደ ውስጥ የሚያስተላልፈውን ክፍል ይዘጋል። ጆሮው አለ፣ ጥሪው አለ፣ ትእዛዙ ግን አይደርስም። ስለዚህ ሊምፎሳይቶቹ ከደም መውጣት አቅቷቸው እዚያው ይከማቻሉ። ትክትክ የያዘው ሕፃን ደም ሲመረመር ነጭ ሕዋሱ እጅግ በዝቶ የሚገኘው ለዚህ ነው። ደሙ በጦር ተሞልቷል፤ ጦሩ ግን በር ማግኘት አልቻለም። በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በስድስተኛው፣ በአሥረኛውና በአሥራ አራተኛው ሳምንት የሚሰጠው አምስት በአንድ ክትባት ትክትክንም ይከላከላል።

አሁን ወደ ራሳችን ደም ልምጣ፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስነሳኝም ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1950 ለንደን ውስጥ በተደጋጋሚ ደም በወሰደ ታካሚ ምክንያት አዲስ የደም ዓይነት ምልክት ታወቀ፤ በታካሚው ስም ዳፊ ተባለ። ለብዙ ጊዜ ይህ ምልክት ቀይ የደም ሕዋስ ላይ ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1976 ሉዊስ ሚለርና ባልደረቦቹ ዳፊ የሌላቸው ሰዎች ቫይቫክስ የሚባለው ወባ እንደማይዛቸው አሳዩ፤ ተውሳኩ ወደ ቀይ ሕዋስ የሚገባው ዳፊን እንደ እጀታ ይዞ ነውና። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1993 ያልተጠበቀ ነገር ተገኘ። ዳፊ የኬሞካይን ተቀባይ ነው! ያ ኢንተርሉኪን 8 የሚባለው ጥሪ የሚይዘው ይህንንም ነው።

ቀይ የደም ሕዋስ ግን በራሱ እግር አይራመድም፤ የትም አይጠራም። ታዲያ ጆሮ ምን ያደርግለታል? ዳፊ ጥሪውን ይይዛል እንጂ ወደ ውስጥ ትእዛዝ አያስተላልፍም። ከቁስሉ አምልጦ ደም ውስጥ የገባውን ኬሞካይን እንደ ስፖንጅ ይመጥጣል፤ ጥሪው ያለ ቦታው እንዳይሰማ። በደም ሥር ግድግዳ ሕዋሳት ላይ ያለው ዳፊ ደግሞ ሌላ ሥራ አለው፤ ከሥጋው የመጣውን ጥሪ ተቀብሎ በግድግዳው አሳልፎ ደሙ የሚያልፍበት ፊት ላይ ያደርሰዋል። አንዱ ዳፊ ጫጫታውን ይሰበስባል፣ ሌላው ጥሪውን በሩ ላይ ያቆማል።

ዳፊ የሌላቸው የአፍሪካ ሰዎች ደግሞ የጎደላቸው ይህ ሁሉ አይደለም። ጂኑ ደህና ነው፤ የተለወጠችው በቀይ ሕዋስ ውስጥ ጂኑን የምታበራው ማብሪያ ላይ ያለች አንዲት ፊደል ናት። ስለዚህ ዳፊ ከቀይ ሕዋሳቸው ላይ ጠፋ፤ ከደም ሥራቸው ግድግዳ ላይ ግን አለ። በምዕራብ አፍሪካ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል እንዲህ ነው፤ ለዚህም ቫይቫክስ እዚያ ብርቅ ነው። በኢትዮጵያ ግን ዳፊ ያለውም የሌለውም ሰው በአንድ ሰፈር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት ይኖራል። ስለዚህ ወባችን በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ነው፤ ከአሥር ወባ ሦስቱ አራቱ ቫይቫክስ ነው ሲባል የኖረው በእኛ አገር ነው። የሱሉልታና የቡራዩ ደጋ ወባ አያስተላልፍም፤ ቫይቫክስ ግን በጉበት ተደብቆ መቆየት ይችላል። ቆላ ሠርቶ የተመለሰ ሰው ከወራት በኋላ ደጋ ላይ ብርድ ብርድ ሲለው፣ ቆላ መቆየቱን ለሐኪሙ መንገር አለበት። ደግሞም ዳፊ የሌለው ሁሉ ከቫይቫክስ ነፃ ነው የሚለው እምነት ተሰንጥቋል። እ.ኤ.አ. በ2010 በማዳጋስካር፣ ከዚያም በኢትዮጵያ፣ ዳፊ በሌላቸው ሰዎች ደም ውስጥ ቫይቫክስ ተገኝቷል። ተውሳኩ ሌላ እጀታ አግኝቶ ይሆን? ገና በእርግጠኝነት አልታወቀም።

ሰርጎ ገብ የሚጠቀምበት ጆሮ ዳፊ ብቻ አይደለም። ሲሲአር5 የሚባለው ጆሮ ሕዋሳትን ወደ ብግነት የሚጠራ ነው፤ ኤችአይቪ ወደ ሕዋስ ለመግባት ይህንኑ በር እንደሚጠቀም እ.ኤ.አ. በ1996 ታወቀ። በኢትዮጵያ በብዛት ያለው የቫይረሱ ዓይነት፣ ሲ የሚባለው፣ በተለይ ይህን በር ይመርጣል። በሩን የሚዘጋ ማራቪሮክ የሚባል መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2007 ጸድቋል። ብግነትን ራሱን ለማብረድ ጆሮዎችን የመድፈን ሙከራ ግን አብዛኛው አልተሳካም። አንዱ ጥሪ በብዙ ጆሮ ይሰማል፣ አንዱ ጆሮም ብዙ ጥሪ ይሰማል፤ አንዱን ስትዘጋ ሌላው ይተካል።

ወደ ዳፊ ልመለስና ልጨርስ፤ ምክንያቱም ይህ ነገር ቤታችን ይገባል።

ዳፊ ከቀይ ሕዋሳቸው ላይ የጠፋባቸው ሰዎች በደማቸው ውስጥ የሚቆጠረው ኒውትሮፊል ከሌላው ሰው ያነሰ ነው። ይህ ከዳፊ ጂን ጋር መያያዙ እ.ኤ.አ. በ2009 ታይቷል። ወደ እስራኤል በሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ላይም ዝቅተኛው ቁጥር ከዚያ በፊት ተመዝግቦ ነበር። ሰዎቹ አይታመሙም። መቅኔያቸው ይሠራል፤ ቁስል ሲጣራ ሕዋሳቸው ይደርሳል። ከደም ሥር በመርፌ ስንቀዳ የምናገኘው ቁጥር ብቻ ነው ዝቅ የሚለው። የላቦራቶሪ ወረቀቱ ላይ በስተቀኝ የሚታተመው «ጤናማ መጠን» ግን ብዙ ጊዜ ከሌላ አገር ሰው የተወሰደ ነው። በዚያ ሚዛን ኒውትሮፊሉ በማይክሮ ሊትር ከ1,500 በታች የሆነ ሰው «አነሰ» ይባላል።

ቡራዩ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ለሥራ ቅጥር የጤና ምርመራ ሲያደርግ ወረቀቱ ላይ ከነጭ ሕዋሱ ጎን ወደ ታች የምታመለክት ቀስት ታተመች። ሳይታመም መድኃኒት ታዘዘለት። እንደገና ተመረመረ፣ ቀስቷ አልጠፋችም። ሦስተኛ ጊዜ ተመረመረ። ሌሊት እንቅልፍ አጣ፤ ለሚስቱም ሳይነግር የኤችአይቪ ምርመራ አደረገ፣ ነፃ ነው። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ሐኪም፣ «የድሮ ውጤት አለህ?» አሉት። እናቱ ከአልጋ ሥር ካለ ካርቶን ውስጥ የሰባት ዓመትና የአራት ዓመት ወረቀት አወጡ። ቁጥሩ ያኔም ያው ነበር። ሐኪሙ ሦስቱን ወረቀት ጎን ለጎን ዘርግተው አይተው፣ «ይህ ያንተ ቁጥር ነው» ብለው አሰናበቱት።

እዚህ ላይ እንዳትሳሳቱብኝ። ነጭ ሕዋስ በሕመምም፣ በመድኃኒትም ሊያንስ ይችላል፤ ትኩሳት ያለው፣ የከሳ፣ ቁጥሩም በቅርብ የወረደ ሰው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት። ልዩነቱን የሚናገረው የአንድ ቀን ቀስት ሳይሆን የዓመታት ቁጥር ነው። ስለዚህ ወዳጆቼ፣ የደም ምርመራ ውጤታችሁን አትጣሉ። የእናንተንም፣ የልጆቻችሁንም፣ የወላጆቻችሁንም ወረቀት ቀኑ እንዲነበብ አድርጋችሁ በአንድ ማኅደር ውስጥ አስቀምጡ፤ «ነጭ ሕዋስህ አነሰ» የተባላችሁ ቀን ይዛችሁት ሂዱ፣ ሐኪሙንም ስለ ዳፊ ጠይቁት።